አያ ድረስና ዝጉ ኩይሳ

አያ ድረስ ማረፋቸውን የነገረኝ በላይ ነው። ጎንደር ባለው ጋራዤ ውስጥ አንድ ሚኒባስ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። በላይ የጎጃም ሰው ነው፤ ድሮ በሠራሁበት እርሻ ትራክተር የሚነዳው እሱ ነው፤ ነገር ማዟዟር አያውቅበትም። «አያ ድረስ ትናንት አረፉ፤ ዛሬ ቀበርናቸው» አለኝ። እንዲህ ሲባል ሰው የሚጠይቀው ይታወቃል። ምን አመማቸው ይላል፣ ልጆቻቸው ደረሱ ወይ ይላል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «ኩይሳውስ?» የሚል ነበር። በላይ ቅር ሳይለው «አለ፤ እንዳለ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ሰውየውን ለማያውቅ፣ ሰው ሞቶ ስለ ምስጥ ኩይሳ መጠየቅ የእብድ ጥያቄ ነው። እብድ አለመሆኔን ለማስረዳት ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርብኛል።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር ባለ የሰሊጥ እርሻ በመካኒክነት ተቀጠርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በዓለም ላይ የቀረኝ እውቀት ያለ አይመስለኝም ነበር። የእርሻው ባለቤት አቶ ጌታቸው የጎንደር ከተማ ሰው ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፣ ግን ቁጣቸው ከምሳ አያልፍም። ትራክተሩ አንድ ነው፤ ኦፕሬተሩም አንድ፤ አያ ድረስ። ሃምሳን የዘለሉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠርዙ የተበላ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። አባታቸው ከደጋ ወርደው ቆላ የሰፈሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ተወልደው አድገዋል። ለዘመድ ጥየቃ ደጋ ወጥተው ሲመለሱ «ያ ብርድ እንጂ አገር አይደለም» ይሉ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን «ሞተሩን አስነሣና ዝም በል» አሉኝ። አስነሣሁ። መዳፋቸውን ሞተሩ ክዳን ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳስስ ሰው ቆዩ። ከዚያ «ሦስተኛው ኖዝል ያስላል» አሉ፤ ነዳጅ የሚረጨውን ማለታቸው ነው። ሳቅኩ። በመዳፍ የሚታወቅ ነገር ቢሆን ኖሮ እኔ ለምን ተማርኩ ብዬ ነው የሳቅኩት። ፈታሁት፤ ሦስተኛው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸው ሲያዳምጡ እኔም ማዳመጥ ጀመርኩ።

ሁለት ነገር ደጋግመው ይናገሩ ነበር። አንደኛው «ማረሻ ዓይን የለውም» ነው። ሁለተኛው «ዓይንህን አስቀድም» ነው። ይህን ለሁሉም ይላሉ፤ እጄን ሳላይ ማሽን ሥር ስሰድ ለእኔ፣ የታሰረ ሰሊጥ ሳያዩ አቅፈው ለሚያነሱ የቀን ሠራተኞች፣ መኪናቸውን ወደ ኋላ ለሚያሽከረክሩት ለአቶ ጌታቸውም ጭምር። ቆላ ውስጥ ከሰሊጥ ሥር የሚተኛው እባብ ብዙ ስለሆነ ምክራቸው የቅንጦት አልነበረም።

አያ ድረስን መጀመሪያ ከአርጃኖ ጋር ያየኋቸው በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። መፍቻ ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባሁ፤ ከዘይት በርሜሉ ጀርባ አንድ ነገር «ሽሽሽ» አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከእግሬ የሚረዝም፣ ጠቁሮ ቢጫ ነቁጥ የተረጨበት፣ ምላሱ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ትልቅ እንሽላሊት የመሰለ አውሬ ፊት ለፊቴ ቆሟል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ትልቁን መፍቻ አነሳሁና፣ ሳልመታው፣ እየጮኽኩ ሮጥኩ። ጩኸቴን የሰማው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ዱላ ይዞ መጣ። «አርጃኖ ነው! ያ የላም ጡት የሚጠባው ነው፤ እንዳታመልጠን!» አለ አንድ ከወሎ የመጣ ጎልማሳ። አገሩ ያለችው ላሙ በአርጃኖ ምክንያት እንደነጠፈች ለሚሰማው ሁሉ የሚተርክ ሰው ነበር።

አያ ድረስ በዱላዎቹ መሃል አልፈው ገቡ። ባዶ ኬሻ ወረወሩበት፤ አንገቱን ከኋላ ያዙ፤ እንደ አለንጋ የሚገርፈውን ጅራቱን በብብታቸው ቆለፉት። አቅፈውት ወጡና ሰዉ መሃል ቆሙ። ከዚያ በስንጥር አፉን ከፈት አድርገው፣

«ከንፈሩን አሳዩኝ» አሉ።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ።

«ከንፈር የለውም። ከንፈር የሌለው ፍጡር ጡት እንዴት አድርጎ ነው የሚጠባው? ሁላችሁም ጠብታችሁ ነው ያደጋችሁት። እስቲ ከንፈራችሁን ሳትነኩ ሞክሩት።»

ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ዞር አድርገው በእውነት ሲሞክሩ አይቻለሁ። የወሎው ጎልማሳ ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ «ታዲያ ላሜን ማን አደረቃት?» አለ፣ በጣም ባዘነ ድምፅ። አያ ድረስም «እሱን እንኳ ከዚህ ሆኜ አላውቅልህም» አሉት።

ወንዝ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ፤ በርቀት። ሲሄዱ ያወራሉ። ድንበር ማዶ ገላባት ያሉት ሱዳኖች ወረል እንደሚሉት፣ ለቢላ ሰገባ ብለው ቆዳውን እንደሚፈልጉት፣ የሚበላው ግን አይጥና የእባብ እንቁላል፣ የአዞ እንቁላል ካገኘም እሱን እንደሆነ ነገሩኝ። «ሰሊጥ ውስጥ እጁን የሚከት ሰው ይህን ማመስገን ነበር የሚገባው፤ ዱላ ይዞ ይመጣል» አሉ። ውኃው ዳር ለቀቁት። ሳይቸኩል ገባ። እኔ ግን «ይኼን ያህል መውደድ ምን አመጣው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን አልመለሱልኝም።

የመለሱልኝ ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ የማረሻውን ኩሽኔታ አብረን ስንቀይር ነው። እጃቸው ቅባት እንደሆነ፣ ሳያዩኝ አወሩ።

ወጣት ሳሉ ስማቸው በአካባቢው «ኩይሳ ሰባሪ» ነበር። አዲስ መሬት የሚያስመነጥር ሁሉ እሳቸውን ይጠራል፤ ይህንኑ እርሻ ለአቶ ጌታቸው ያጸዱትም እሳቸው ናቸው። ኦፕሬተሮቹ ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ ነበር። ቀዳዳ ያለው ኩይሳ ውስጥ እባብም ይኑር ከርከሮ አይታወቅምና ተጠንቅቀህ ነው የምትጠጋው። ዝግ ኩይሳ ግን ባዶ ነው፤ ከምስጥ በቀር ማንም የለበትም፤ ዝም ብለህ ግባበት። ይህን ሕግ ለስንቱ አስተምረዋል። እንግዲህ በአንድ ግንቦት፣ ይኸው እርሻ ላይ፣ አንድ ዝግ ኩይሳ ገመሱ። ማረሻው ረጥቦ ወጣ። በዚያ ደረቅ መሬት ማረሻ የሚያረጥብ ነገር ስለሌለ ወርደው አዩ። ነጭ ነጭ እንቁላል ነበር፤ ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ለስላሳ። ከተሰበረው ውስጥ ሊፈለፈሉ ጥቂት የቀራቸው የአርጃኖ ጫጩቶች ተጠቅልለው፣ አንዳንዶቹ ገና እየተንቀሳቀሱ ነበር።

«ቀዳዳ አልነበረውም እኮ» አሉኝ፣ ዛሬ የሆነ ይመስል። «ዞሬ አይቻለሁ። ለካ እናቲቱ በመስከረም፣ ዝናብ ሲያለሰልሰው ቆፍራ ትገባለች። ጥላ ትሄዳለች። የሚዘጋው ምስጡ ነው። ቤቱ ነዋ፤ ቀዳዳውን ይጠግናል። እንቁላሉ እዚያ ሙቀት ውስጥ ታሽጎ ይከርማል።»

የተረፈውን እንቁላል በባርኔጣቸው አፍሰው ሌላ ኩይሳ ሥር ቀበሩት። እንደ ዶሮ እንቁላል አገላብጠው፣ አራግፈው፣ አስተካክለው ነው የቀበሩት። ሁሉም በሰበሰ። የአርጃኖ እንቁላል ከተኛበት ጎን መገልበጥ እንደሌለበት የገባቸው ከዓመታት በኋላ ነው። «አንዴ በማረሻ፣ አንዴ በደግነት፣ ሁለት ጊዜ ፈጀኋቸው» አሉና ኩሽኔታውን መቱት። ባርኔጣው ያው ራሳቸው ላይ ያለው እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

የኔና የእሳቸው ነገር ለዘላለም የታሰረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በወንዙ በኩል ባለው እርሻ መሃል ሁለት ሰው ቁመት የሚያክል ኩይሳ አለ። አያ ድረስ ሲያርሱ አውድማ የሚያክል ቦታ እየተዉ ይዞሩታል። አቶ ጌታቸው በግንቦት መጡና «ዘንድሮ ይኼ ይጥፋልኝ፤ ማሳው ቀጥ ይበል» አሉ። አያ ድረስ «ውስጡ እንቁላል አለ» አሏቸው። አቶ ጌታቸው ኩይሳውን አንድ ጊዜ ዞሩት። አንድ ቀዳዳ የለበትም፤ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል።

«ዝግ ነው» አሉ። «ዝግ ኩይሳ ባዶ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ያስተማርኩት ስሕተት ነው። ባለፈው መስከረም ስትገባ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«ከእርስዎ ሌላ ያየ አለ?»

«የለም።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚወጡት?»

«ዝናብ ኩይሳውን ሲያርሰው። ደረቁን ለመቆፈር አቅም የላቸውም። እስከ ሰኔ ሚካኤል ይስጡኝ።»

«ባይወጡስ?»

አያ ድረስ አላመነቱም። «ባይወጡ ኩይሳውን እኔው በዶማ አፈርሰዋለሁ። ቁልፉንም አስረክቤ ከወንበሩ እወርዳለሁ» አሉ። አቶ ጌታቸው በዙሪያቸው ወዳለነው ሰዎች አዩና «ሰምታችኋል» አሉ።

ያ ወንበር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አያ ድረስ ከዚያ ሌላ ሥራ አያውቁም። በዚያ አካባቢ ስማቸውም፣ ክብራቸውም፣ ወጥተው የሚገቡበትም ያ የትራክተር ወንበር ነው። ያን ነው ለማንም ላልታየ እንቁላል ያስያዙት። ካምፑ ለሁለት ተከፈለ። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ እኔ ባዶ ነው ካሉት ወገን ነበርኩ። መካኒክ ነኝ፤ ያልተፈታ ነገር አላምንም። ይህንኑ ለራሳቸው ነገርኳቸው። «ደግ፤ ትጠብቃለህ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ዝናቡ ቀረ። በዚያ ዓመት ግንቦት አቧራ እንኳ የማያበርድ ካፊያ ጥሎ አለፈ። ሰኔ ገባ፤ ሰማዩ እንደ ጠራ ነው። ሁላችንም ቀና ቀና እያልን ደመና ስንፈልግ እሳቸው ብቻ አንገታቸውን አላቀኑም። ያለውን መሬት በደረቁ እየገመሱ፣ ኩይሳው ጋ ሲደርሱ እየዞሩ፣ ምሳቸውን እየበሉ ከረሙ። ሰኔ ሚካኤል ዕለት ማለዳ ተነሥተው ትራክተሩን አጠቡት። ቅባት የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በእጃቸው ቀቡ። ቁልፉን በጨርቅ ጠርገው ለአቶ ጌታቸው ሰጡና ዶማ አንሥተው ወደ ኩይሳው ሄዱ።

ጀመሩ። ጀመሩ ማለት ግን፣ እናቲቱ ከገባችበት በተቃራኒው ጎን፣ በዶማው ጫፍ ፈቅ ፈቅ እያደረጉ አፈሩን ባርኔጣቸው ውስጥ ያጠራቅማሉ። ባርኔጣው ሲሞላ ማሳው ዳር ወስደው ያፈሱታል። ተመልሰው ጥላ ሥር ያርፋሉ። እስከ ማታ አራት ባርኔጣ አፈር ቢወጣ ነው። አቶ ጌታቸው መጥተው «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሏቸው፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «አፈርሰዋለሁ አልኩ እንጂ በስንት ቀን እንደሆነ አልተነጋገርንም» አሉ። አቶ ጌታቸው በመጀመሪያው ቀን ሳቁ። በሁለተኛውም ትንሽ ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን ወደ እኔ መጥተው ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩና «ነገ ጠዋት ማረሻውን አስገብተህ ጨርሰው» አሉኝ።

መንዳት እችላለሁ። ባዶ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ጠዋት ሞተሩን አስነሥቼ ስቀርብ ግን እኚያን ሰው ባርኔጣ ሙሉ አፈር ይዘው ሲሄዱ ከጀርባ አየኋቸው፤ እግሬ ፍሬኑ ላይ ቀረ። ወርጄ የሃይድሮሊኩን ቱቦ ማሰሪያ አላላሁት። ዘይቱ ፈሰሰ፤ ማረሻው አልታዘዝ አለ። ለአቶ ጌታቸው «ፓምፑ ሞቷል» አልኳቸው። እሳቸው እየተራገሙ ወደ ካምፑ ተመለሱ።

አያ ድረስ ዶማቸውን ጥለው መጡ። መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አኖሩ።

«ፓምፑ ደህና ነው» አሉ። «የታመምከው አንተ ነህ።»

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው አያ ድረስ።»

«በማሽን አትዋሽ። ነገ የእውነት ሲታመም ማን ያምንሃል? ቱቦውን አጥብቀው።»

«ካጠበቅኩት ማረስ አለብኝ።»

«አጥብቀው። ከዚያ ሂድና አላርስም በለው። ሁለቱ አንድ አይደለም።»

አጠበቅኩት። ሄድኩ። በሕይወቴ አለቃ የሚባልን ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም። «ፓምፑ ደህና ነው፤ ዋሽቼዎት ነው። ኩይሳውን ግን አላርስም» አልኳቸው። አቶ ጌታቸው እንደማያውቁኝ ሁሉ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሁለታችሁንም ፀሐይ መትቷችኋል» አሉ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥዬላቸው ወጣሁ። እሳቸው ሌላ ኦፕሬተር ሊያመጡ መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ሸሕዲ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከሱዳን በኩል ጠቆረ። ዘነበ ማለት አይበቃም፤ ተገለበጠ። የዚያን አገር ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ ሰዓት ከዘነበበት ጎማ አያሳልፍም። አቶ ጌታቸው በዚያን ቀን አልተመለሱም። አያ ድረስ ካምፑ በር ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ዝናቡን ሞተር እንደሚያዳምጡት አዳመጡት።

ንጋት ላይ ወደ ኩይሳው ስሄድ ቀድመውኛል። ከኩይሳው አሥር እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ። ኩይሳው ርሶ መልኩ ተለውጧል። ረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ በምዕራቡ ጎን አውራ ጣት የምታክል ጭቃ ተነሥታ ወደቀች። አፍንጫ ወጣ። የተሰነጠቀች ምላስ ወጣችና አየሩን ቀመሰች። ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ብዙ ቆየ፤ ሊወጣ ይገባው እንደሆነ የሚያስብ ይመስል ነበር። ከዚያ ወጣ። ጥቁር ሆኖ፣ በወገቡ ዙሪያ ጨሌ የመሰለ ቢጫ የታሰረበት፣ ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝም አርጃኖ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ሌላ። መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።

ሠራተኞቹ መጡ። እንደ ልማዳቸው ዱላ ይዘዋል። ማንም አላነሳም። የወሎው ጎልማሳ ዱላውን መሬት ላይ አኖረና እኛ አጠገብ ተቀመጠ። ትንንሾቹ በሣሩ ውስጥ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይሄዳሉ፤ መንገዱን ማን እንደነገራቸው እንጃ። አያ ድረስን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ያን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ስኖር ራሳቸው መሸበቱን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አቶ ጌታቸው መኪናቸውን መንገድ ላይ ጥለው በእግር መጡ። ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ከኋላቸው ዕቃውን በጨርቅ ቋጥሮ የተሸከመ ወጣት ኦፕሬተር አለ፤ በላይ ይህ ነው። አቶ ጌታቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት አንዱ ጫጩት በእግራቸው ጣት ላይ ተሻግሮ ሄደ። ሌላኛውን እግራቸውን የሚያሳርፉበት ጠፍቷቸው በአንድ እግር ቆሙ።

«ይኼ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ቀዳዳ አልነበረውም እኮ።»

«እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ አያ ድረስ።

አቶ ጌታቸው እግራቸውን ቀስ ብለው አሳረፉ። በኋላ ኪሳቸውን ዳብሰው ቁልፉን አወጡ። «ይውሰዱ። ኩይሳውም ይቅር፤ አይነካም። አሸንፈውኛል» አሉ።

«ኩይሳው መቅረቱን እቀበላለሁ» አሉ አያ ድረስ። «ቁልፉን አልወስድም። አላሸነፍኩም። ሰኔ ሚካኤል አልፏል።»

«አራት ቀን ነው! እኔ ትቼዋለሁ እያልኩዎት።»

«ቀኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለተመቸኝ ካራዘምኩት፣ ከርሞ ስለ ሌላ ኩይሳ ስናገር ማን ይሰማኛል?» አሉና በላይን በአገጫቸው አመለከቱ። «ለልጁ ይስጡት።»

ተናደድኩባቸው። ዛሬም አልደብቅም፣ በጣም ተናደድኩ። ለሳምንት አላናገርኳቸውም። ትክክል ሆኖ መውረድን የመሰለ ግትርነት አይቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ከወንበሩ ወርደው አልተቀመጡም። በላይ ማረስ በጀመረበት ቀን ዘንግ ይዘው ከትራክተሩ ፊት ቆሙ። «ማረሻ ዓይን የለውም» አሉት፤ «ከእንግዲህ ዓይኑ እኔ ነኝ።» ሃያ እርምጃ ቀድመው ይሄዳሉ፤ በላይ ይከተላል። ዝግ ኩይሳ ካገኙ፣ በመስከረም እርጥብ ሳለ ተቆፍሮ የተደፈነውን ቦታ ከመልኩ ያውቁታል፤ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት ዘንግ ይተክሉበታል። እንቁላል የሌለበትን «ግባበት» ይላሉ። ማንም አልሳቀባቸውም። ቃላቸውን በራሳቸው ላይ የፈጸሙ ሰው ናቸውና፣ ውስጡ አለ ካሉ አለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የጎረቤት ባለሀብቶች ከማረሳቸው በፊት መኪና እየላኩ ይወስዷቸው ጀመር። ሁሉም አልሰማም፤ ብዙ ኩይሳ ጠፍቷል። ጓንግ ዳር ግን ቀይ ጨርቅ ካለበት ማንም አይገባም።

እኔ ከጊዜ በኋላ ጎንደር ገብቼ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። አያ ድረስ ስልክ ካወጡ በኋላ ይደውሉልኝ ነበር። ሰላምታ ሳያበዙ «እስቲ የያዝከውን መኪና አሰማኝ» ይላሉ። ስልኩን ሞተሩ ላይ አስጠጋዋለሁ። ካዳመጡ በኋላ የሚነግሩኝ ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም፤ በስልክ ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል። ሲሳሳቱም ራሳቸው ናቸው ደውለው የሚጠይቁኝ።

ለሣልስታቸው ደረስኩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ልጆቻቸውን አጽናንቼ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ እርሻው ሄድኩ። ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ስለቀረው እርሻ አይቆምም። በላይ እያረሰ አገኘሁት። ትራክተሩ ትንሽ ይሄድና ይቆማል። በላይ ይወርዳል፤ ሃያ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፤ መሬቱን ያያል፤ ተመልሶ ይወጣል፤ ትንሽ ያርሳል፤ እንደገና ይወርዳል።

«እንዲህ እያልክ መቼ ልትጨርስ ነው?» አልኩት።

«አልጨርስም መሰለኝ» አለ። «አቶ ጌታቸው ሰው እስኪገኝ ታገሥ ብለውኛል። ሰው ከየት ይገኛል እንጂ!»

ወደ ትልቁ ኩይሳ ሄድኩ። ቀይዋ ጨርቅ አለች። በእነዚያ ሦስት ቀናት በዶማ የፈቀፈቁትን ቦታ በምሥራቅ በኩል ፈለግኩት። በእጄ ዳሰስኩ፤ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ምስጦቹ ደፍነውታል፤ ከሌላው አይለይም። በሌላኛው ጎን ግን፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ መልኩ ትንሽ የተለየ ክብ ቦታ አለ። ያለፈው መስከረም ሥራ ነው። ዝግ ነው። አሁን ዝግ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በጣም ናፈቁኝ።

ተመልሼ፣ መሬቱ በእግሬ እንዲሰማኝ ጫማዬን አወለቅኩና ትራክተሩ እግር መርገጫ ላይ አስቀመጥኩት። በላይ ምንም አልጠየቀኝም፤ የአያ ድረስን ዘንግ ከወንበሩ ጀርባ አውጥቶ ሰጠኝ። ሃያ እርምጃ ቆጥሬ ቀደምኩ። ከኋላዬ ሞተሩን አስነሣ። ሦስተኛው ኖዝል ያስላል። ማታ እሠራለታለሁ ብዬ፣ ዓይኔን አስቀድሜ መራመድ ጀመርኩ።